በመሀል አዲስ አበባ ልጆችን ይዞ ለመውጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመስቀል አደባባይ እስከ ስድስት ኪሎ፣ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ባለው የከተማዋ እምብርት ውስጥ ልጆች የሚሮጡባቸው ፓርኮች፣ የሚያዩአቸው ሙዚየሞችና ያለ ክፍያ አረፍ የሚሉባቸው አደባባዮች ተቀራርበው ይገኛሉ። ከዚህ በታች የቀረቡት ወላጆች፣ አያቶችና ታናናሾቻቸውን ይዘው የሚወጡ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች ዘወትር የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ትንሽ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ የት ቢሄድ ይሻላል?

ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከሁሉ አስቀድመን የምንመክረው ወዳጅነት ፓርክን ነው። በጳጉሜ 2012 የተመረቀው ይህ ፓርክ በሸራተን ሆቴል አካባቢ የሚገኝ ሲሆን፣ ሰው ሠራሽ ሐይቁና ሰፋፊ የእግር መንገዶቹ ሕፃኑ በየደቂቃው «ተው! አትንካ! አትሩጥ!» ሳይባል እንደ ልቡ እንዲንቀሳቀስ ያስችሉታል፤ ሁለተኛው ምዕራፉ ደግሞ ለልጆች ተብለው የተሠሩ መጫወቻዎች አሉት። ሙዚየም የ«አትንካ» ቤት ስለሆነ ለዚህ ዕድሜ ገና ነው። በሐይቁ ዳር ግን ትንሽ ልጅ ከአዋቂ እጅ መራቅ የለበትም። ብዙ ሰው አብሮ ሲወጣ ሁሉም «ሌላው እያየው ነው» ብሎ ስለሚዘናጋ፣ ውኃው አጠገብ ሲደርሱ ልጁን የሚይዘው ማን እንደሆነ በስም መነጋገር ይገባል።

በአንድ ቀን ስንት ቦታ ማየት ይቻላል?

አንድ። ይህን መልስ ብዙ ወላጆች አይወዱትም፤ በተለይ ከክፍለ ሀገር ወይም ከውጭ ዘመድ ሲመጣ ጠዋት አንድነት ፓርክን፣ ከምሳ በኋላ የዓድዋ ድል መታሰቢያን፣ ማታ ደግሞ እንጦጦን ለማዳረስ ይታሰባል። እንዲህ ያለው ዕቅድ አዋቂውን ያረካ ይሆናል፤ ልጁ ግን ሁለተኛው ቦታ ላይ ይነጫነጫል፣ ሦስተኛው ላይ ጀርባ ላይ ተኝቶ ይገኛል። ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ ሁለት ሰዓት፣ ለአሥር ዓመት ልጅ ግማሽ ቀን በቂ ነው። አንድ ቦታ በእርጋታ ያየ ልጅ ቤቱ ገብቶ ያየውን ለአያቱ ይተርካል፤ ሦስት ቦታ የተሯሯጠ ልጅ ግን የሚያስታውሰው የታክሲውን ወረፋ ነው።

በብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ለልጅ እንዴት እናስረዳ?

አምስት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ከስድስት ዓመት በላይ ላሉ ልጆች በጣም ተስማሚ ነው፤ ነገር ግን ልጁን አጥንቱ ፊት አቁሞ «ይህቺ ድንቅነሽ ናት፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው» ብሎ ማለፍ ምንም አያተርፍለትም። ሚሊዮን ለልጅ ቁጥር አይደለም፤ «በጣም ብዙ» ከማለት አይለይበትም። ይልቁንስ በቁመት መጀመር ይሻላል። ድንቅነሽ ቆማ ስትሄድ ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲሜትር ገደማ ነበር፤ ይህም የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ልጅ ቁመት ነው። ልጁን ቀና ብሎ እንዲቆም አድርገው «አንተን ታክላለች፤ ግን ትልቅ ሰው ናት» ሲሉት ዓይኑ ወዲያው ይለወጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ታዲያ ሌላው አጥንቷ የት ሄደ?» የሚል ነው። የተገኘው ከአፅሟ 40 በመቶ ያህሉ እንደሆነ፣ ይህም ለእንዲህ ያለ ረጅም ዘመን እጅግ ብዙ እንደሆነ መንገር ይቻላል።

ቦታውን ከካርታ ጋር ማያያዝም ይጠቅማል። ድንቅነሽ የተገኘችው በኅዳር 1967 በአፋር፣ ሐዳር በተባለው ስፍራ ነው። ብዙ ልጆች ስለ «ሰላም»ም ይጠይቃሉ። ሰላም በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን በ1993 በዲኪካ ያገኛት፣ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የነበረች ሕፃን ናት። «የድንቅነሽ ልጅ ናት?» ብለው ለሚጠይቁ መልሱ አይደለችም የሚል ነው፤ ሰላም ከድንቅነሽ ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ቀድማ ኖራለች። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ አይናቅ።

አንዳንድ ልጆች የሚታየው አፅም ቅጂ መሆኑን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል። ዋናው አፅም እንዳይጎዳ ተጠብቆ እንደሚቀመጥ፣ ቅጂውም ከእርሱ ላይ የተወሰደ እንደሆነ በቀጥታ መንገር የተሻለ ነው።

አንድነት ፓርክ ለልጆች ምን አለው?

አንድነት ፓርክ በመስከረም 2012 ለሕዝብ የተከፈተ ሲሆን የሚገኘው በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። ታላላቆቹን የሚስባቸው ዙፋን ቤቱና የዐፄ ምኒልክ የግብር አዳራሽ ነው። ትናንሾቹን ግን ከበር ጀምሮ የሚያስጨንቃቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ አንበሳው የት አለ? ስለዚህ መጀመሪያ አንበሶቹን ማሳየት ይሻላል፤ ያን ካዩ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ረጋ ብለው ይሄዳሉ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ግን እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ቀሚስ እየጎተቱ «እንሂድ» ይላሉ።

የግብር አዳራሹ ውስጥ ብዙ መናገር አያስፈልግም። «እዚህ ንጉሡ ለሕዝቡ ግብር ያበሉ ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተራ በተራ እየገባ ይበላ ነበር» ማለት ይበቃል፤ ልጁ የአዳራሹን ስፋት ራሱ ይለካዋል። እንጀራው ስንት እንደነበር፣ ጠጁ በምን ይቀዳ እንደነበር፣ ማን ያጥብ እንደነበር የሚጠይቁ ልጆች አሉ። አያት አብረው ካሉ ይህን ለእሳቸው መተው ነው።

የየክልሎቹን መገለጫ የያዙት እልፍኞችም ቤተሰቡ ከየት እንደመጣ ለመንገር ጥሩ አጋጣሚ ናቸው። በዙፋን ቤቱ ምድር ቤት በደርግ ዘመን ባለሥልጣናት ታስረው የነበረ መሆኑ ግን ለታዳጊዎች እንጂ ለሕፃናት የሚነገር አይደለም።

ግቢው ቤተ መንግሥት ስለሆነ ፍተሻው ጥብቅ ነው። አዋቂዎች መታወቂያ መያዝ አለባቸው። ብርቱካን ለመላጥ የተያዘች ትንሽ ቢላዋ እንኳ ታስቆማለችና ፍራፍሬ ቤት ተልጦ፣ ተቆራርጦ በዕቃ ይያዝ፤ በበሩ ላይ ምግብ ይዞ መግባት የማይፈቀድ ከሆነም ከመግባታቸው በፊት መብላት ነው።

ያለ ክፍያ የሚታይ ምን አለ?

ከሚታሰበው በላይ አለ። በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደውና በሌሎችም መንገዶች ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መቀመጫና አነስተኛ አደባባዮችን አስገኝቷል፤ አመሻሽ ላይ መብራቱ ሲበራ ልጆች ይደሰታሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ የብስክሌት መስመሩ ከእግረኛው መንገድ ጎን ለጎን ስለሚሄድ ትንንሽ ልጆች ሳያስቡት ይገቡበታል።

በታኅሣሥ 2014 የተመረቀው አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ክፍያ የለውም፤ የልጆች ክፍልም አለው። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ እንኳ ብዙ ሰው በዝምታ ሲያነብ ማየቱ ራሱ ትምህርት ነው ብለን እናምናለን።

ሌላው የምንወደው የእግር ጉዞ የአንበሳ ሐውልቶችን መቁጠር ነው። ከለገሃር መጀመር ይቻላል። በአሮጌው የባቡር ጣቢያ ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ዘመን ወደ ሮም ተወስዶ ከዓመታት በኋላ የተመለሰ ነው፤ ዘርዓይ ድረስ ሮም ላይ ተንበርክኮ ጸለየ ተብሎ የሚነገርለት በዚሁ ሐውልት ፊት ነው። ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ተሂዶ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ሌላ አንበሳ ይገኛል፤ ይህኛው ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል በ1948 የቆመ ነው። የመጀመሪያው ዘውድ የደፋና ሕይወት ያለው የሚመስል፣ ሁለተኛው ከድንጋይ ተጠርቦ ማዕዘን ማዕዘን ያለው ነው። «የትኛው ይበልጥ አንበሳ ይመስላል?» ብለው ሲጠይቋቸው ልጆች እርስ በርስ ይከራከራሉ፤ በእኛ ልምድ ክርክሩ እቤት እስኪገቡ ያልቅ ዘንድ አይጠበቅም። እርሳስና ወረቀት ይዘው ቢሄዱ እዚያው ቁጭ ብለው ይስላሉ።

ስድስት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ለልጅ ይሆናል?

ይሆናል፤ እንዲያውም ከሚገባው በታች የሚጎበኝ ቦታ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኘው ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ከሰጡ በኋላ ዩኒቨርሲቲው በ1954 ተከፈተ። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በሰው ልጅ ሕይወት ቅደም ተከተል ነው፤ ከልደትና ከልጅነት ተነስቶ ወደ ጉልምስናና ወደ ሞት ይሄዳል። ስለዚህ ልጁ መጀመሪያ የሚያገኘው የራሱን ዓለም ነው፦ የሕፃን ማዘያውን፣ የልጆች ጨዋታውን። ክራር፣ በገና፣ ማሲንቆና ዋሽንት የሚታዩበትም ክፍል አለ፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍልም ለልጆች ሁልጊዜ አስገራሚ ነው።

ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ፋሺስቶች የሠሩት ሲሆን እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመት እንዲወክል የታሰበ ነበር። ከነፃነት በኋላ ደረጃው ሳይፈርስ ጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ከላይ የተጠቀሰውን የአንበሳ ቆጠራ የጀመሩ ልጆች ይህን ሲያገኙ ደስታቸው ይለያል። ከግቢው ውጭ አደባባዩ ላይ ያለው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት የ1929ኙን ጭፍጨፋ የሚያስታውስ ነውና ልጆቹ ሥዕሎቹን እያዩ ከጠየቁ በዕድሜያቸው ልክ እውነቱን መንገር ይገባል።

የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ከስንት ዓመት ጀምሮ ይመከራል?

በየካቲት 2016 ፒያሳ ላይ የተመረቀው ይህ ሙዚየም ሰፊና ብዙ ደረጃ የሚያስወጣ ስለሆነ ከሰባት ዓመት በላይ ለሆኑት ይመቻል። ከመሄድ በፊት ማታ ቤት ውስጥ አንድ ታሪክ መንገር ጉብኝቱን በእጅጉ ይለውጠዋል። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ ልጆች ከሁሉ ይበልጥ የሚይዙት ግን ከዚያ በፊት መቀሌ ላይ የሆነውን ነው። ጠላት በምሽግ ውስጥ ሳለ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃው ምንጭ ተያዘ፣ ምሽጉም በጥም ተፈታ። ይህን የሰማ ልጅ ሙዚየሙ ውስጥ እቴጌይቱን እየፈለገ ይሄዳል።

ለሕፃናት የማይሆን ቦታ አለ?

መስቀል አደባባይ የሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሟቾች ፎቶግራፎችና አፅሞች የሚታዩበት ስለሆነ ለትንንሽ ልጆች አይመከርም። ለአሥራ አራትና ለአሥራ አምስት ዓመት ታዳጊዎች ግን ቤተሰብ አብሮ እስካለ ድረስ ሊታይ የሚገባው ነው።

ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው፤ በዝናቡ ምን እናድርግ?

ልጆች ረጅም ዕረፍት የሚያገኙት በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ዝናብም የሚበረታው ያኔ ነው። የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚከብድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወጥቶ እስከ ስድስት ሰዓት መመለስ አንዱ መፍትሔ ነው። ሌላው ጣሪያ ያለው ቦታ መምረጥ ነው፦ ብሔራዊ ሙዚየም፣ አብርሆት፣ ወይም በመስከረም 2015 የተመረቀው ሳይንስ ሙዚየም፤ ይህ የመጨረሻው ቴክኖሎጂ ለሚወዱ ታዳጊዎች በተለይ ይመቻል።

ለፓርክ ከሁሉ የሚሻለው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋቱ ይቀዘቅዛል፤ ረፋዱ ላይ ግን ፀሐዩ ይከራል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ቀዝቃዛ ቢመስልም ፀሐዩ ቆዳ ያቃጥላልና ሹራብም ኮፍያም አብረው ይያዙ።

ለልጆቹ ምን ምግብ እንያዝ?

ዳቦ፣ ሙዝ፣ የተላጠ ብርቱካን፣ ጭኮ ወይም ጨጨብሳና በቂ ውኃ ይበቃል። በጾም ቀን ዳቦና ፍራፍሬ አያስቸግርም። ቆሎና ኦቾሎኒ የሁሉም ቤት የመንገድ ስንቅ ቢሆኑም ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ ይልቁንም እየሮጠ ለሚበላ፣ ሊያንቁት ይችላሉና አይሰጡት። የከረሜላና የጣፋጭ ነገር ጉዳይ ከቤት ሳይወጡ አንድ ጊዜ ተነጋግሮ ቢቋጭ በየሻጩ አጠገብ የሚነሳውን ልቅሶ ይቀንሳል።

በምን እንሂድ?

የግል መኪና ለሌለው ሚኒባስ ታክሲ፣ የከተማ አውቶቡስ ወይም በስልክ የሚጠራ ታክሲ አለ። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ብዙ ልጅ ለመሳፈር ብቻ ይወጣ ነበር፤ ዛሬም በስታዲየምና በመስቀል አደባባይ በኩል ከላይ ሆኖ ከተማውን ማየት ለትንሽ ልጅ ራሱን የቻለ ሽርሽር ነው። ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ያለው የሥራ መውጫ ግርግር ግን ሕፃን ለያዘ ሰው ከባድ ስለሆነ ከዚያ በፊት መመለስ ይመረጣል።

በእግር ለሚሄዱ አንድ ምክር አለን። ስድስት ኪሎ ከአራት ኪሎ ከፍ ያለ ስለሆነ ወደ ላይ በታክሲ ወጥቶ፣ ቁልቁል በአምስት ኪሎ በኩል በእግር መውረድ የልጆቹን እግርም የአያቶችንም ጉልበት ያድናል።

እንጦጦስ?

በመስከረም 2013 የተመረቀው እንጦጦ ፓርክ እጅግ ያማረ ቢሆንም ከመሀል ከተማ የወጣና ራሱን የቻለ ሙሉ ቀን የሚፈልግ ነው። ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚደርስ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል፤ ሮጠው ቶሎ የሚደክሙ ልጆችን ማስገደድም አይገባም።

ልጁ ወረፋ ሲጠብቅ ቢሰለችስ?

ስልክ ከመስጠት በፊት እንቆቅልሽ ይሞከር። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ?» እየተባባሉ ግማሽ ሰዓት ሳይታወቅ ያልፋል፤ መልሱን ያጣው አገር ሲሰጥ ከኋላ የቆሙ የማይተዋወቁ ልጆችም ይገቡበታል። ክፍት ቦታ ካለ ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ ሳይሆን በጠጠር ምልክት መጫወት ይቻላል፤ በጽዳት የተያዘ ንጣፍ ላይ መሣል ተገቢ አይደለምና።

ልጅ ቢጠፋብን ምን እናድርግ?

ዝግጅቱ ከቤት ይጀምራል። ከመውጣት በፊት የልጁን የዕለቱን ልብስ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ማንሳት ይገባል፤ በድንጋጤ ውስጥ ያለ ወላጅ ልጁ ምን እንደለበሰ ይጠፋዋል። የወላጅ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይቀመጥ። ልጁም «እማዬ» እና «አባዬ» ከማለት አልፎ የወላጆቹን ሙሉ ስም እንዲናገር ይለማመድ። ሲገቡ ሁሉም የሚያውቀው አንድ የመገናኛ ቦታ፣ ለምሳሌ ዋናው በር፣ ይነገረው፤ ቢጠፋም ከግቢው ሳይወጣ የደንብ ልብስ ለለበሰ ጥበቃ ወይም ልጆች ለያዘች እናት እንዲናገር ይመከር።

ልጁ ከጠፋ አንድ ሰው መጨረሻ ከታየበት ቦታ ሳይነቃነቅ ይቁም፤ ሌላው ወዲያው ወደ በሩ ጥበቃዎች ይሂድ። ፖሊስ በ991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል።

በበዓላት ሰሞን መውጣት ይቻላል?

ይቻላል፤ መንገዶች እንደሚዘጉ አውቆ ከሆነ ነው። በደመራ ዕለት መስከረም 16 መስቀል አደባባይና ዙሪያው፣ በከተራና በጥምቀት ጥር 10 እና 11 ጃንሜዳና ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ በየካቲት 23 ደግሞ ፒያሳ ለተሽከርካሪ ይዘጋል። በኅዳር የሚደረገው ታላቁ ሩጫም እሑድ ጠዋት የመሀል ከተማውን መንገድ ይይዛል። በእነዚህ ቀናት ወደ ሙዚየም ለመሄድ ከማሰብ በዓሉን ራሱን ማየት ይሻላል፤ ሕፃን የያዘ ሰው ግን ከሕዝቡ መሀል ሳይሆን ከዳር፣ መውጫ ካለበት በኩል ይቁም። የፓርኮችና የሙዚየሞች የመግቢያ ዋጋና የሥራ ሰዓት በበዓላት ሰሞን ስለሚለዋወጥ በዋዜማው ማጣራት ያስፈልጋል።